ቢጫው ጥግ

«ያን መስታወት ከቁም ሳጥኑ ኋላ ክተቱት፤ ሰው ይረግጠዋል» አለች አክስት፣ ለአዲስ ለቀስተኞች አግዳሚ ወንበር እየጎተተች። «የተሰነጠቀ መስታወት ምን ይሠራል? ነገ ለአሮጌ ዕቃ ገዢው ይሰጣል።»

ልጅቷ ዓይኗ ከበሩ ጎን ካለው ጥግ አልነቀል ብሏታል። ቤቱ ጨለማ ነው። መስኮት የለውም፤ በበሩ የሚገባው ፀሐይም ወለሉ ላይ አርፎ እዚያው ይቀራል። ከእናቷ ወንበር ኋላ ግን፣ ባልተቀባው ግድግዳ ላይ፣ የትራስ ስፋት የምታህል ቦታ ብቻ ቢጫ ተቀብታለች።

ያን ቢጫ ታውቀዋለች። ባሕር ማዶ ስትማር፣ ኋላም እዚያው ስትሠራ፣ በስልኳ ስታየው የኖረችው ነው። እናቷ ፊቷ በርቶ፣ ከኋላዋ ቢጫ ግድግዳ።

«ቤትሽ እንዴት ደስ ይላል፣ እማ!»

«እኔ ምን ጎድሎኝ! ይልቅ አንቺ ብይ፤ ከሳሽ።»

እናቷ እያወራች እግሯን ዘርጋ ታደርግና አንድ ነገር ትገፋለች።

«ምንድን ነው የምትራገጪው?»

«ድመቷ ናት። አርፋ አትቀመጥም።»

ልጅቷም፣ ደህና ናት ብላ፣ መምጣቷን ከዓመት ዓመት አሳደረችው።

«አክስቴ፣ ድመቷ የት ሄደች?»

«የምን ድመት? እህቴ እኮ ድመት ካየች ስታስነጥስ ነበር የምትውለው።»

ከአግዳሚው አንዷ ለጎረቤቷ «የሰው አገር እንባዋንም አደረቀው» ስትል ልጅቷ ሰማች። የጎረቤቱ አናጢ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ቢጫውን ነው የምታይው?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሰው በር ስቀባ የተረፈኝ ነው። ‹ቀለም ጨምሬ ሁሉንም ልቀባልሽ› ብላት፣ ‹ስልኩ የሚያየው ይበቃል› አለችኝ።»

«እኔን ለመሸንገል ነው በጨለማ የኖረችው?»

«መጀመሪያ ለስልኩ ነበር፤ አልዋሽሽም። መስኮት እንዳንከፍት ግድግዳው የጋራ ነው። የቁም ሳጥኗን መስታወት አስነቀለችኝና ፀሐዩ ወለሉ ላይ በሚያርፍበት በበርጩማ አስደገፈችው። ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ጥጉ ይወረውርላታል። ኋላ ሻይዋም እዚያ፣ ስፌቷም እዚያ ሆነ። ‹ልጄ ባትመጣም ብርሃን አስገባችልኝ› እያለች ትስቅ ነበር።» ብርጭቆውን አየው። «ትስቅ ነበር እንጂ…» አለና ተወው።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ ልጅቷ ተነሥታ መስታወቱን ከቁም ሳጥኑ ኋላ ሳበችው። በርጩማውን ፈልጋ አስደገፈችው። ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ዘለለ፤ ወርዶ የአክስቷን ዓይን ወጋ።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ልታሳውሪኝ ነው?»

«መስታወቱ አይሰጥም፣ አክስቴ።»

አክስት የልጅቷን ፊት አየችና የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ልጅቷ መስታወቱን ወደ ጥጉ አዙራ እናቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሙቀቱ ጉንጯ ላይ አረፈ። ስልኳን አውጥታ ወደ ፊቷ አቀናችው፤ ከኋላዋ ያ ቢጫ ግድግዳ ታየ። የምትደውልለት ሰው አልነበራትም። ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ፀሐዩ ሲያዘነብል ብርሃኑ ከጉንጯ ሸሽቶ ትከሻዋ ላይ ቀረ። እግሯን ዘርግታ የመስታወቱን ጠርዝ ገፋ አደረገችው።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለች አክስት ከጓዳ።

«ድመቷ ናት» አለች ልጅቷ፣ ብርሃኑ ወደ ፊቷ ሲመለስ።