ሰያፏ ቀይ ስፌት

«ምልክቱን ሸጦታል እኮ! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት» አለች አክስት፣ ሻይ ለያዘው ለቀስተኛ ሁሉ። ትናንትም ብላዋለች፤ ዛሬ ጠዋትም ብላዋለች። «ሊያርፍ ጥቂት ቀን ሲቀረው ባለፎቁ ከዚህ ቤት እየሳቀ ወጣ። በር ላይ ተጨባበጡ። ነጋዴ በነጻ ይጨባበጣል?»

ልጅቷ ይህን የሰማችው ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከአባቷ የጫማ መስፊያ ክፍል ሆና ነው። ከፊቷ አባቷ ያልጨረሰው ትእዛዝ ተደርድሯል። ቆዳው ተሰፍቷል፣ ሶሉ ተመቷል፣ ተወልውሏል። የቀረው ምልክቱ ነው፤ ከተረከዙ በላይ የምትሰፋ አንዲት ሰያፍ ቀይ ስፌት። እሷን አባቷ ለማንም አሳልፎ አይሰጥም ነበር። የከተማው ሰው ሱቅ ሲገባ «ቀይ ክር አላችሁ?» ነው የሚለው፤ ጫማ አይልም።

ባለፎቁ ማዶ ያለው የጫማ ነጋዴ ነው። ማሽን አለው፣ ሠራተኛ አለው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ማስታወቂያ አለው። የሌለው ስም ነው።

አክስት መጋረጃውን ገልጣ ገባች። «ሄደሽ ጠይቂዋ!»

«ደጁን ከምረግጥ እግሬ ይሰበር፣ እትዬ።»

«ኩራትሽ እኮ! አባትሽ አልጋ ላይ ሆኖ...»

«አልጋ ላይ ሆኖ ከሸጠ ሸጠ። በተሸጠ ነገር ላይ ቁጭ ብዬ አላለቅስም።»

አክስት ከንፈሯን መጥጣ ወጣች። ስትወጣ በሩ ጥግ ያሉትን የሟቹን ጫማዎች አስተካከለች። በለቅሶው መጀመሪያ ቀን ወልውላ ማሰሪያቸውን ጥብቅ አድርጋ አስራቸዋለች፤ ሰው እንዳይታዘብ። አባቷ በመጨረሻዎቹ ወራት እግሩ እያበጠ ጠዋት ጠዋት ልጅቷን «ላላ አድርጊልኝ» ይላት ነበር።

ከሰዓት ትእዛዙን የሰጠችው ባለሱቅ መጣች። «እግዜር ያጥናሽ» ብላ፣ ሻይዋን ጠጥታ፣ ወደ ጓዳው ዘለቀች።

«ሰማሁ» አለች በሹክሹክታ። «እውነት ከሆነ ምን ብዬ ነው የምሸጠው? ሰው የሚያውቀው ቀይዋን ክር ነው። አንቺን ማን ያውቅሻል?»

ልጅቷ ወስፌዋን አስቀመጠች። አንድ ሰው ትዝ አላት፤ ከሰው እጅ የገዛውን፣ ሶሉ አፉን የከፈተ ቀይ ክር ጫማ ይዞ ከሩቅ የመጣ። እሷ ያኔ ኮረዳ ቢጤ ናት፤ «ይሄማ ለቆሻሻ ነው» ብላ ልትሸኘው ስትል አባቷ ጫማውን ከእጇ ነጠቃት። ሰፍቶ፣ ሶል ቀይሮ፣ ሰውየውን መርቆ ሸኘው። «እንዲህ በነጻ እየሠራህ ልትከብር ነው?» ብላ አፋጠጠችው። «ክሯንማ ማንም ይሰፋታል» አላት፣ ሰም የነካውን ጣቱን እየጠረገ። «ሰው የሚያምነው፣ ሲቀደድ የት እንደሚሄድ ማወቁን ነው።»

«ጫማሽን የት አወለቅሽ?» አለቻት ባለሱቋን።

«በር ላይ፤ ከሰው ጋር።»

«ሂጂና እይው።»

ባለሱቋ ጫማዋን አንጠልጥላ ተመለሰች። ስትመጣ ሲንገጫገጭ የነበረው ተረከዝ ተጠግኗል። «መቼ ሠራሽው?»

«ሻይሽን ስትጠጪ። የሁሉንም እንዲሁ ነው የማደርገው። ከዛሬ ጀምሮ ምልክቴ ሁለት ሰማያዊ ስፌት ነው፤ ቀጥ ያሉ። ቀይም ይሁን ሰማያዊ፣ የተቀደደ ይምጣ፣ እሰፋዋለሁ። ለገዢሽ ይህን ንገሪው።»

«ምላስሽ ከወስፌሽ የባሰ ነው» አለች ባለሱቋ ሳቋን አፍና። «በይ ላኪልኝ።»

የለቅሶው ማብቂያ ቀን ጠዋት፣ ሰማያዊ የተሰፋበት ትእዛዝ በጋሪ ተጭኖ ሄደ። ቀትር ላይ ባለፎቁ ከተፍ አለ። «መንገድ ላይ ነበርኩ፤ መርዶው የደረሰኝ ትናንት ነው» እያለ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ሰው ሁሉ አየው። ከተረከዙ በላይ ቀይ ክር አለበት።

ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። «ጋሼ፣ የራስዎን ጫማ አያደርጉም?»

«እኔስ እግር የለኝም?»

አንዱ ለቀስተኛ ሳቀና አፉን ያዘ።

«ይህችን ምልክት ገዝተዋታል አሉ።»

«ልገዛ መጥቼ ነበር። አልሸጠልኝም።» የአክስት ሲኒ አፏ ሳይደርስ ቆመ። «‹የኔ አይደለችም› አለኝ። ‹ልጄ የወተት ጥርሷ ሳይነቀል፣ ዞር ባልኩበት የደንበኛ ጫማ ላይ አጣማ የሰፋቻት ናት። ልፈታት ስል አለቀሰችብኝ፤ ተውኳት። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ እንደሷ ማጣመም ነው። ከፈለግህ እሷን አስፈቅድ።› ሳቄ መጣ። ምን ላድርግ፣ ጨብጬው ወጣሁ።»

«እኔማ ሲጨባበጡ ነው ያየሁት...» አለች አክስት፣ ለሲኒዋ።

ጋሪው ይሄኔ ሰማያዊ ስፌቱን ይዞ ከተማ ገብቷል።

ልጅቷ የባለፎቁን ጫማ አንስታ ገለበጠችው። «ሶልዎ አልቋል» አለች። «ሻይዎን ይጠጡ፤ ሳይጨርሱ አደርሰዋለሁ።»

ወደ ጓዳ ስታልፍ በሩ ጥግ ቆመች። ቁጢጥ ብላ አክስቷ ያጠበቀችውን የአባቷን ጫማ ማሰሪያ ፈታች፤ ከታች እስከ ላይ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ላላ አደረገችው።