የጠላት ኳስ

ካዚሚር ዱዴክ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የቤዝቦል ጓንቱን ይዞ ስታዲየም ሲመላለስ አንድ ኳስ እንኳ ቀልቦ አያውቅም። ተመትቶ ተመልካቹ መሃል የወደቀ ኳስ ለቀለበው ሰው ይሆናል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰካራም ቀልቧል። ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ሕፃን የምታጠባ ሴት ጭን ላይ እንኳ ወድቋል። እሱ ጋ ግን የለም፤ ዕድል ፊቷን አዞረችበት። ጓደኞቹ «ካዝ፣ ጓንትህ ቀዳዳ ነው እንዴ?» እያሉ ሲያበሽቁት፣ እሱም «አንድ ሳልቀልብ አልሞትም» እያለ ሲመልስላቸው ኖሩ።

አሁን ነገሩ ቀልድነቱ ቀርቷል። ሳንባው አልቋል። ሐኪሙ በሰኔ ወር የካዚሚርን ልጅ ሎሬንን ለብቻዋ ጠርቶ «ከነሐሴ ወዲያ ያለውን ባታቅዱ ይሻላል» አላት። ይኸው ነሐሴ ገባ። እሷም በሥራ ቦታዋ ለምና ፈረቃዋን ቀየረችና፣ ኳስ አዘውትሮ ከሚወድቅበት ከግራው አጥር ጀርባ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ሁለት ቦታ ያዘች።

መኪና ውስጥ የኦክስጅን ሲሊንደሩን በጉልበቶቹ መሃል አቅፎ ተቀምጧል።

«ሎሪ።»

«አቤት አባዬ።»

«የነሱም ቢሆን እይዘዋለሁ።»

«የነማን?»

«የጠላቶቻችን ነዋ! የነሱ ሰው የመታው ቢሆን እንኳ ዛሬ አልመልስም። ይዤው ቤቴ እገባለሁ።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ለዱዌን እንዳትነግሪው።» ዱዌን የሃያ ዓመት የስታዲየም ወንበር ጎረቤቱ ነው።

እዚያ ሰፈር ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። የባላንጣ ቡድን ተጫዋች አጥር አሻግሮ የመታውን ኳስ የያዘ ደጋፊ፣ ወዲያው ወደ ሜዳው መልሶ ይወረውረዋል። ሕግ አይደለም፤ ከሕግ የባሰ ነው። የደበቀ ሰው ቢራ ይደፋበታል፣ እናቱ ትሰደባለች። ሎሬንን ይኼን ያስተማራት ደግሞ ማንም ሳይሆን እሱ ራሱ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ አንዱን በባርኔጣዋ ቀልባ ስታገላብጠው «የጠላት ኳስ ቤታችን አይገባም! ወርውሪ!» ብሎ ጮኸባት። ወረወረችው። ያ ሁሉ ሕዝብ ተነስቶ አጨበጨበላት፤ አባቷም ትከሻው ላይ አውጥቶ ለሰው ሁሉ አሳያት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

«እሺ አባዬ» አለችው። «ቃሌ ነው። የማንም ይሁን የማን፣ ያንተ ነው።»

የስታዲየሙን ደረጃ በየአራት እርምጃው እየቆመ ወጣ። ጫፍ ላይ ሲደርሱና ያ ሜዳ ድንገት ወለል ሲል፣ ትንፋሹ እስኪመለስ የብረቱን መደገፊያ ይዞ ቆየ። የተጠበሰ ሽንኩርትና የሰናፍጭ ሽታ ነፋሱን ሞልቶታል።

«ሣሩ ዛሬም ያው ነው» አለ። «ያረጀነው እኛ ነን።»

ዱዌን ከኋላቸው ተቀምጦ ነበር። ሲያየው ቢራውን ከፍ አደረገ።

«ኧረ ተመስገን! ሣጥን ውስጥ ገባ ብለውኝ ነበር እኮ!»

«አንተን ሳልቀብርማ አልሄድም። ሆድህ የሚገባበት ሣጥን እስኪሠሩ እየጠበቅሁ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። የካዚሚር ሳቅ ወደ ሳል ዞረና አልቆም ሲል፣ ዱዌን አንገቱን ደፍቶ ቢራውን ያይ ጀመር።

ከዘጠኙ ዙር አምስቱ አለፈ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሽማግሌው ጓንቱን ለአፍታ እንኳ አላወለቀም። በስድስተኛው ዙር የባላንጣው ግዙፍ መቺ ኳሷን አገኛት። ድምፁን የሰማ ሁሉ አጥር እንደምታልፍ አወቀ። ወጣች፣ ወጣች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ እነሱ መውረድ ጀመረች።

ካዚሚር ተነሳ። የኦክስጅኑ ቱቦ ተወጠረ። ጓንቱን አነሳ፤ ክንዱ ግን ከትከሻው በላይ አልሄድ አለው። ኳሷ በላዩ ልታልፍ ስትል ሎሬን ተንጠራርታ በባዶ እጇ ቀለበቻት። መዳፏ እንደ እሳት ነደደ።

«መልሺው! መልሺው! መልሺው!»

ስታዲየሙ በአንድ አፍ ጮኸ። ከሁሉ የሚበልጠው የዱዌን ድምፅ ነበር። ሎሬን አላሰበችም። ቢያስቡበትማ ማን እንዲህ ያደርጋል? ክንዷ ራሱ፣ አባቷ ጓሮ ውስጥ ባሠለጠናት መሠረት፣ ወደ ኋላ ሄዶ ተወነጨፈ። ኳሷ ሜዳው መሃል ደርሳ ተንከባለለች። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ዱዌን ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። እሷም እንደዚያን ጊዜዋ ሕፃን እየሳቀች ወደ አባቷ ዞረች።

ቆሞ ነበር። የተከፈተ ጓንቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ እሷ ዘርግቶታል። እንድታስቀምጥለት እየጠበቀ ነበር።

«አባዬ…»

ጓንቱን ቀስ ብሎ አወረደው።

«ጥሩ ወረወርሽ» አለ። «ክንድሽ አሁንም ደህና ነው።»

«ሄጄ እለምናቸዋለሁ። ይሰጡኛል፣ ስለ አንተ እነግራቸውና…»

«ተቀመጪ ሎሪ። ሰው እያየሽ ነው።»

በነዚያ ሁሉ ዓመታት ዝናብ ዘንቦ ሰው ሲሸሽ ካዚሚር አልተነሳም። ቡድኑ በአሥር ነጥብ ሲበለጥ አልተነሳም። ሎሬን የተወለደች ዕለት እንኳ ሆስፒታል የደረሰው የመጨረሻው ሰው ከሜዳ ሲወጣ አይቶ ነው፤ እናቷ ይኼን እስክትሞት አልረሳችለትም። በዛሬው ጨዋታ ስምንተኛ ዙር ነጥቡ እኩል ሆነ። የካዚሚር ቡድን ተጫዋቾች ሮጠው ነጥብ ለማስቆጠር ተዘጋጅተው ቆመዋል፣ ሕዝቡ ሁሉ ቆሟል። እሱ ጓንቱን ጣት በጣት እያላቀቀ አወለቀና ሎሬን ጭን ላይ አስቀመጠላት።

«እንሂድ።»

«አላለቀም እኮ አባዬ።»

«አውቃለሁ።»

ደረጃው ግማሽ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው እግራቸው ሥር ያለውን ሲሚንቶ ያንቀጠቀጠ ጩኸት ፈነዳ። ሎሬን ሲሊንደሩን ተሸክማ ቆም ብላ አየችው። ዞር አላለም፤ ምን ተፈጠረም አላላትም። መኪናዋን የት እንዳቆመቻት ብቻ ጠየቃት።