ግራኟ ንጣፍ

«መልክዎ ቁርጥ የባለቤቴ ነው» አለችው ሚስቱ ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆና። «እሱን አልክድም። ግን እርስዎ እሱ አይደሉም።»

ዕድሜ ልኳን «አንተ» ስትለው፣ ሲብስባትም «አንተ ቁጡ» ስትለው የኖረች ሴት ዛሬ አንቱ አለችው። ወለል አንጣፊው ባሏ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ቲቸር፣ እኔ ነኝ እኮ! ድምፄ ጠፋሽ?» አላት እንደ ወትሮው አጠራሩ።

«ድምፅም ይመሳሰላል።»

«ልጃችን የተወለደበትን ቀን ልንገርሽ?»

«ልጁ ነግሮዎት ይሆናል። ይልቅ ባለቤቴን የት እንዳደረሱት ይንገሩኝ።»

ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠርቶ «አይከራከሯት። ሕመሙ ነው፤ ይቀበሉት» አለው። ይቀበሉት! ማታ እቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ባሌ» ብላ የምትቀበለው ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ለሌላው ሲያድል ምንም አይከብደውም። ደግሞስ እነዚህ ሁለቱ ከክርክር በቀር ምን ትዳር ነበራቸው? የተዋወቁትም በክርክር ነው።

ያኔ እሷ የሒሳብ መምህርት ናት፤ እሱ የትምህርት ቤቱን ኮሪደር በሴራሚክ ያነጥፋል። አንድ ቀን ተማሪዎቿን ይዛ ወጣችና እንደ ቬንትሌተር አራት ጎባጣ ክንፍ የተሣለባትን አንዲት ንጣፍ አንሥታ ከፊታቸው አስቀመጠች። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለች። ሩብ ዙር አዞረቻት። «ግለጡ። ነክቻታለሁ ወይስ አልነካኋትም?» ማንም መለየት አልቻለም።

«ሲሜትሪ ማለት ይኸው ነው» አለች። «ነገሩ ተንቀሳቅሶ ምንም ያልሆነ ሲመስል። ስለዚህ ያው ስለመሰለ ብቻ አልተነካም አትበሉ።» ቀጥላም የሚደጋገም ጥለት ሁሉ፣ የግድግዳ ወረቀትም ይሁን ወለል፣ በሲሜትሪው ቢመደብ ከዐሥራ ሰባት ዓይነት አያልፍም አለች።

«ዐሥራ ስምንተኛውን ብሠራ ማን ሊከለክለኝ ነው?» አለ አንጣፊው ከተንበረከከበት።

«ማንም አይከለክልህም። የለም ነው የምልህ።»

ተናደደ። ሲሥልና ሲቀድ ከረመ። አዲስ ጥለት ባገኘ ቁጥር ይዞላት ይመጣል፤ እሷ አገላብጣ ታይና ከዐሥራ ሰባቱ አንዱ ውስጥ ትጥልበታለች። ዐሥራ ስምንተኛው ሳይገኝ ተጋቡ።

የኩሽናቸውን ወለል በዚያው ባለ ክንፍ ንጣፍ አለበሰው። ጠረጴዛው የሚቆምበት ቦታ ሲደርስ አንዲቷ አስቸገረችው። የሌሎቹ ክንፍ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲዞር የሷ ወደ ግራ ይዞራል፤ ከፋብሪካ ተሳስታ የወጣች ናት። ቢያዞራት፣ ቢያዞራት፣ እምቢ አለች።

«አትልፋ» አለችው ሚስቱ እየሳቀች። «የግራ ጫማ ስላዞርከው የቀኝ አይሆንልህም። እሷን የሚያስተካክላት መስታወት ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ልስበራት!»

«ተው፣ አንተ ቁጡ! ዙሪያህን የሚደጋገም ጥለት ላይ የትም ብትቆም ያው ነው፤ የት እንዳለህ አታውቅም። እሷ ካለች ግን እዚህ ነን እንላለን።»

ግራኟ ብለው ስም አወጡላት። ለማንም አልነገሩም፤ ማንም ልብ አላላትም። ሰው ወለልን ይረግጣል እንጂ መች ያያል።

አሁን የቀረችው ተስፋ ግራኟ ናት። በአፉ ቢነግራት «ሰምተው ነው» ማለቷ አይቀርም። ቤት ይወስዳትና ጠረጴዛውን ገፍቶ፣ ጣቷን ይዞ ግራኟ ላይ ያሳርፈዋል። ሌላ ሰው ከየት አባቱ አውቆ!

ከሆስፒታል የወጣች ዕለት ልጃቸው በር ላይ ጠበቃቸው፤ ፊቱ በደስታ በርቷል። «እማዬ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ! ኑ፣ ኩሽናውን እዩት።»

ወለሉ ያብረቀርቃል። የተሰነጠቁት ንጣፎች ተነሥተው አባትየው ጓዳ ባስቀመጣቸው ትርፎች ተተክተዋል። አንጣፊው ጠረጴዛውን ገፋና ተንበረከከ። በመዳፉ ዳበሰ። ቀኝ። ቀኝ። ቀኝ።

«እዚህ የነበረችውስ?»

«እሷማ ተሳስታ ነበር እኮ፣ አባዬ። የቀጠርኩት ሠራተኛ ነው ያሳየኝ። እግረ መንገዳችንን አስተካከልናት።»

«የት አደረጋችኋት?»

«ስትነሣ ተሰባበረች። ከፍርስራሹ ጋር ሄደች። ምነው?»

«ማን አስተካክል አለህ? ማን ለመነህ?» ጩኸቱ ኩሽናውን አናወጠው። ልጁ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ክፋት ቢሆን ኖሮ ተጣልተው ይወጣላቸው ነበር፤ ደግነትን ግን በምን ይመቱታል?

ሚስቱ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። ወለሉን ብዙ አየችው። «እዚህ ጋ አንዲት ግራኝ ነበረች» አለች።

«አዎ! ግራኟ! እኔ ነኝ ያነጠፍኳት!»

«አሁን ነገርኩዎት እኮ» አለችው በሐዘኔታ። «ያነጠፋት ባለቤቴ ነው። እሱንም እንዲሁ ነው ያደረጉት፤ አንሥተው ቁርጥ እሱን የመሰለ ተኩበት።»

«ልስበራት ስል ተው ያልሽኝስ? የግራ ጫማ ስላዞርከው የቀኝ አይሆንም ያልሽኝስ? መስታወት ብቻ ነው የሚያስተካክላት ያልሽኝስ?»

ፊቷ ወገግ አለ። ስንት ቀን ሙሉ የጠበቀው ፊት ይኸው መጣ። እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«ይህን የነገረዎት እሱ ነው! ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም! አግኝተውታል ማለት ነው። ደህና ነው?»

አንጣፊው ቀና አለ። ልጁን አየው፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል።

«ደህና ነው» አለ።

«እንደ ድሮው ይቆጣል?»

«ይቆጣል።»

«ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«ተመስገን» አለች። «እንግዲያው ቁጭ ይበሉ፤ አብረን እንጠብቀው። ሲቆጣ አይፍሩት፣ ክፋት የለበትም።»

የባሏን ወንበር አቧራውን በመዳፏ ጠረገችና ባዶውን ተወችው። የእንግዳውን ሳበችለት። ተቀመጠ። ሁለቱም በሩን ያዩ ጀመር።