የወንፊት አንድ ድምፅ

፩

ማንበብ አትችልም ብለው ታዛቢ እንዳትሆን ከለከሏት።

ይህ ከሁሉ በፊት ይጻፍ፤ ኋላ ይረሳል። ወይዘሮ ደብሪቱ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። በርበሬና ሽሮ ነፍታ ትሸጣለች፤ ከዱቄቷ ጠጠር አገኘሁ ያለ ደንበኛ እስከ ዛሬ አልመጣም። ድምፅ ሲቆጠር ቁጭ ብላ ማየት ግን አትችልም ተባለች። ያላት ደግሞ ባዳ አይደለም፤ የራሷ ፓርቲ ተወዳዳሪ፣ መምህር ልሳነወርቅ ነው።

«እማማ፣ ታዛቢ ቅጽ ይሞላል፤ ይፈርማል» አላት።

«ዓይኔስ?»

«ዓይን ቅጽ አይሞላም።»

ሌላ ሰውም አላገኘ። የፓርቲው ታዛቢ ወንበር ባዶውን ዋለ።

፪

ለማያውቅ አንባቢ፦

በዚያች ከተማ ሦስት ምልክቶች ተወዳደሩ። መሰላል። ቁልፍ። ወንፊት።

መሰላልና ቁልፍ መኪና አላቸው፣ ድምፅ ማጉያ አላቸው፣ ቲሸርት ያድላሉ። ወንፊት ያለው አንድ ወንፊት ብቻ ነው፤ እሱም የወይዘሮ ደብሪቱ ነው። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ያለው ሥዕል እንኳ ከእሷው ወንፊት ነው የተነሳው። መምህሩ ለቅስቀሳ ተውሷት ገበያ መሃል ከፍ እያደረገ፣ «ሁለቱ ሲጣሉ ማን ያጣራል? ሦስተኛው!» ይል ነበር። የምታጨበጭበው እሷ ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ ከጎረቤት ወንፊት እየለመነች ሠራች።

፫

ይህ በ«እኔ» ይጻፍ ቢሏት እንቢ አለች።

«እኔ፣ እኔ ማለት የተወዳዳሪ ሥራ ነው። እሷ በሉኝ።»

፬

ዋዜማው።

ፓርቲው በቀበሌው ከመምህሩ ሌላ አርባ ሦስት አባል አለው። መምህሩ ቤት ለቤት ዞረና፣ «መሰላል እንዳያሸንፍ ለቁልፍ ስጡ፤ እኛ ለሚቀጥለው እንደርሳለን» አላቸው። ለአርባ ሁለቱ።

አንዷን ዘለላት። ለምን ሲሉት፣ «ይምታታባታል» አለ።

ብትሰማ እንቢ እንደምትል ያውቃል።

፭

እንዴት እንደሚመረጥ፦

ወረቀቱን ተቀበዪ። ከመጋረጃው ጀርባ ግቢ። መጻፍ የሚችል ኤክስ ያደርጋል፤ አንቺ አውራ ጣትሽን ቀለም ንከሪ። ከሦስቱ ሥዕል ወንፊትሽን ለዪ፤ ጠርዙ ላይ በሽቦ የጠገንሽው ሳይቀር ይታያል። አትሚ። እስኪደርቅ እፍ በዪበት። ሳጥኑ ውስጥ ክተቺ።

ጉልበትሽን ደግፈሽ ወደ ቤትሽ።

፮

በማግስቱ በጣቢያው በር ላይ የተለጠፈው፦

ቁልፍ 401
መሰላል 388
ወንፊት 1
የተበላሸ 1

አርባ ሁለቱ ባይሄዱለት ቁልፍ እዚህ ጣቢያ ወድቆ ነበር። ያመሰገናቸው የለም።

ሥዕሎቹን እሷም አየቻቸው። ከወንፊቷ አጠገብ ያለውን ቁጥርም አወቀችው። ቀጥ ብሎ የቆመ ነው።

አንድ።

፯

በሩ ላይ የተባለ፦

ባለወፍጮው ጥላዬ፦ ወንፊት አንድ! ያቺ መቼም የመምህራችን ናት።

መምህር ልሳነወርቅ፦ (እየሳቀ) ምን ላድርግ፣ እጄ በራሴ ላይ አልጨክን አለኝ።

ጥላዬ፦ የእማማ ደብሪቱስ የት ገባች?

መምህር ልሳነወርቅ፦ የተበላሸችው ትሆናለች። አይፈረድባቸውም፤ አልተማሩም።

ደብሪቱ፦ አንተ፣ የሰው ወንፊት ቤትህ አስቀምጠህ ነው የምትስቀው?

፰

ድምፁን የቆጠረችውን አስፈጻሚ ጠጋ ብላ ጠየቀቻት።

«ያቺ የወንፊቷ ኤክስ ናት ጣት?»

«ድምፅ ምስጢር ነው፣ እናቴ።»

«የተበላሸችውስ?»

«እሷም ምስጢር ናት።»

ልጅቷ ይህን እያለች ዓይኗ የወይዘሮ ደብሪቱ አውራ ጣት ላይ አረፈ። ቀለሙ ገና አልለቀቀም። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና ወረቀቶቿን መሰብሰብ ያዘች።

አስፈጻሚዋ ምስጢሩን አላወጣችም። ይህ ይመዝገብላት።

፱

ደከማት።

አምስት ዓመት ቆይቶ ሌላ ምርጫ ይመጣል። ወይ ቁልፍ ያሸንፋል፣ ወይ መሰላል። ሦስተኛ ነኝ የሚል ተነስቶ ያስጨበጭባል፤ ዋዜማው ላይ ደግሞ በጆሮ ሹክ ይባልና ሰው ይበተናል። እሷ እስከዚያ ትኑር አትኑር እንጃ። የምትፈልገው የምክር ቤት ወንበር አይደለም። አንዲት ድምፅ ናት።

የራሷ።

፲

ቅዳሜ ጠዋት በሰው ያስጻፈችውን አንድ ቅጽ ይዛ መምህሩ ደጃፍ ቆመች። በሌላ እጇ የማኅተም ቀለም ይዛለች።

«ይግቡ እንጂ፣ እማማ።»

«አልገባም። ወንፊቴን አምጣ።»

አመጣላት። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ሽቦዋን አየችና ብብቷ ሥር አደረገችው።

«አሁን ይህን ሙላ። ቅጽ የተማረ ሰው ነው የሚሞላው ብለኸኝ የለ? ዛሬ ገበያ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል።»

«እማማ፣ ስለ አንዲት ድምፅ…»

«አንዲት ከሆነችማ ለምን ወሰድካት?»

እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

«ፊርማህን አልፈልግም። አውራ ጣትህን፣ እንደኔ።»

ቅጹ ይህ ነው፦

እኔ ልሳነወርቅ በምርጫው ቀን ድምፄን የሰጠሁት ለ ______________ ነው።

ለወንፊት የተሰጠችው አንዲት ድምፅ የ ______________ ናት።

አሻራ፦




«ሙላ። ቆሜያለሁ።»