የሪሀና ተንሳፋፊ ክኒን

ዘውድነሽን ቅናት እርር ድብን ያደረጋት ሪሀና ብርጭቆው ላይ ጎንበስ ብላ «ተንሳፈፈ!» ያለች ዕለት ነው። ሁለቱም የሸዋ ሮቢት ልጆች፣ ሁለቱም አዲስ አበባ የፋርማሲ ማስተርስ ተማሪዎች፣ ሁለቱም ጨጓራ ውስጥ ብዙ የሚቆይ ክኒን እንሠራለን ብለው የተነሡ። የዘውድነሽ ክኒን ውሃ ሲነካው እንደ ጠጠር ሥር ቁጭ ይላል። የሪሀናው እቴ! አብጦ ላይ ይንሳፈፍና መድኃኒቱን ቀስ እያለ ይለቃል፤ ጠዋት አንዴ ውጦ መዋል ነው። መምህራቸው ሳይቀሩ «ሪሀና፣ ሪሀና» ይሉ ጀመር። ዘውድነሽ ያንን ስም በሰማች ቁጥር አንጀቷ ቅጥል ይል ነበር።

የቀረው በሰው ሆድ መፈተን ነው። ፈቃዱ ተገኘ፤ ሸዋ ሮቢት ያለ አንድ ክሊኒክም ራጅ ሊያነሳ ተስማማ። የመጀመሪያዋ ፈቃደኛስ ማን ሆነች? ዘውድነሽ ራሷ! ሪሀና እቅፍ አድርጋ ሳመቻት።

ጠዋት ሪሀና እናቷ የሠሩትን ፍርፍር ይዛ ክሊኒኩ መጣች። ዘውድነሽ ሥጋቸውን እንደማትበላ ስለሚያውቁ በእንቁላል ነው የሠሩት።

«በደንብ ብይ፤ ባዶ ሆድ ከሆነ ጨጓራ ክኒኑን ጠርጎ አንጀት ይከተዋል» አለችና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ሰው ሲበላ ዓይን ዓይኑን ማየት ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ ናት፤ ለምርምርም ቢሆን አላደረገችውም። ዘውድነሽ ፍርፍሩን በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ክኒኑን በውሃ ብቻ ዋጠች።

«ጨረስሽ?»

«ጥግብ አልኩ! የእናትሽ እጅ ይባረክ» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ረፋዱ ላይ የራጅ ባለሙያው ተሻለ ምስሉን ብርሃን ላይ ሰቅሎ በጣቱ አሳያቸው። ክኒኑ ጨጓራ ውስጥ የለም፤ አንጀት ገብቷል። ባዶውን ያረፈደው የዘውድነሽ ሆድ ቅቤ ጠጣ።

ሪሀና ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። «በቃ፣ አልሆነም። ለመምህራችን እነግራቸዋለሁ፤ ያንቺን አብረን እንሠራለን» አለች። ከዚያ ድንገት ቀና አለች። «አንቺ ግን ደህና ነሽ? ምግብ እንዲህ ቶሎ የሚያልፍብሽ አሞሽ እንዳይሆን! ተነሽ፣ ሐኪም ይይሽ።»

ብትሰድባት ዘውድነሽ ትችለው ነበር፤ ይሄን ግን አልቻለችም።

«አልበላሁም» አለች።

«ምን?»

«ፍርፍሩን። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቀንቼ ነው፣ ሪሀና። ስምሽ ሲጠራ ያመኛል።»

ስድብም ጥፊም ጠበቀች። የሪሀና ፊት ግን እንባው ሳይደርቅ ፍክት አለ። «ታዲያ ክኒኔ ደህና ነዋ! አልሐምዱሊላህ!» ያ ደስታዋ ዘውድነሽን እንደ አዲስ አንገበገባት። አይ ቅናት፣ ተናዝዛ እንኳ አልለቀቃትም!

ሪሀና ምስሉን ይዛ ወደ አስፋልቱ ወጣች፤ ዘውድነሽ ከኋላ ከኋላዋ።

«ነገ እኔው እደግመዋለሁ፤ በማርያም!»

«ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለች ሪሀና፣ ለባጃጁ እጇን እየዘረጋች። «አንቺም ሌላ ባጃጅ ያዢ።»