የመጀመሪያዋ ሦስት

ቁጥሩ ለአሥራ ሰባት ይካፈላል። ይህ የታወቀው ደግሞ ነሐስ ላይ ተቀርጾ በር ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

እኛ ሃንጋሪ፣ ሴገድ ዩኒቨርሲቲ፣ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ውስጥ፣ ጡረታ የሚወጣ መምህር አንድ ብቸኛ ቁጥር ይመርጣል፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል። ቁጥሩ ከስሙ ሥር ተቀርጾ የቢሮው በር ላይ ይቀራል። ፕሮፌሰር አምብሩሽ ቦዶር 333333331ን መረጡ። 31 ብቸኛ ነው፤ 331ም፣ 3331ም። እንዲህ ሦስት እየጨመሩ እስከ 33333331 ድረስ ሰባቱም ብቸኛ ናቸው። ስምንተኛውን ማን ይጠረጥራል? ማጣራት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ረዳታቸው። "አንቺ፣ ካልኩሌተርሽን ከዚህ አርቂ" ብለው አባረሩኝ።

በሽኝቱ ቀን ጠዋት ተደብቄ ሞከርኩት።

"አሥራ ሰባት ሲባዛ በ19607843" አልኳቸው።

በእጃቸው አባዙት። ሁለቴ። ከዚያ ተቀመጡ።

"ገሌርት ይመጣል" አሉ።

ፕሮፌሰር ገሌርት በፔች ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ናቸው። ከአርባ ዓመት በፊት "ይህ ሁልጊዜ ይሠራል" ብለው ሰባት ምሳሌ የደረደሩበትን ጽሑፍ፣ ቦዶር በጉባኤ መሃል ተነሥተው "ሰባት ምሳሌ ማረጋገጫ አይደለም፣ ሰነፍ!" ብለው ጣሉባቸው። አሁን በእሳቸው ፊት ያንኑ ስህተት ይዞ መገኘት ለቦዶር ያለ ሱሪ ከመቆም ይብሳል።

"የመጀመሪያዋን ሦስት እናጥፋት" አልኩ። "የሚቀረው ብቸኛ ነው።"

"በምን ታጠፊያታለሽ?"

"ብሎን እናስገባባታለን።"

ከጥገና ክፍል መሰርሰሪያ ለምኜ ሦስቷን በሳኋት። የብሎኑ ራስ ሸፈናት። በግራ አንድ ብሎን፣ በቀኝ ምንም።

ገሌርት ለሽኝቱ የተጋገረውን ፖጋቻ፣ ጨው ያለውን ትንሽ ዳቦ፣ እያላመጡ በሩ ላይ ቆሙ።

"33333331። ጥሩ ነው፣ ብቸኛ። አምብሩሽ፣ ይሄ ብሎን ግን ጓደኛው የት ሄዶበት ነው?"

"ጡረታ ወጥቶ ነው" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ገሌርት የቦዶርን ትከሻ ያዙ።

"አንተ ክፉ! ያኔ ሳምንት ሙሉ ነው ያስለቀስከኝ። ግን ልክ ነበርክ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ፤ ቦዶር ያላጣራውን አይናገርም እላቸዋለሁ።"

የቦዶር ጆሮ ቀላ።

"ኤሜሼ፣ ካቻቢቴውን አምጪ።"

"ፕሮፌሰር፣ ይተዉት እንጂ። አለፈ እኮ!"

"አምጪ አልኩሽ!"

ብሎኑን ፈቱት። የተበሳችው ሦስት ብቅ አለች።

"ዘጠኝ አሃዝ ነው" አሉ። "ሰባቱን አየሁና ስምንተኛውን አመንኩ። በል ለአሥራ ሰባት አካፍለው።"

ገሌርት ቢሮው ገብተው የቦዶር ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ፖጋቻው የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ አካፈሉ። ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ሰባት! ሰባት ምሳሌ! ሰነፍ!" እያሉ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ።

"ጨረስክ?" አሉ ቦዶር።

"ምን እጨርሳለሁ! አርባ ዓመት ጠብቄ!"

ቦዶር ቁልፉን እጄ ላይ ጣሉት። "ሲጨርስ አንቺ አስወጪው።"

ብሎኑን ኪሳቸው ከተቱ፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ፣ በሩንም ዘጉብን።