ስም ያልተጻፈበት ልብ

ዮሩን የዚያን የበረዶ ክረምት የሕክምና ትምህርቷን የተማረችው አልጋዋ ላይ ተጋድማ ነው ቢባል ውሸት የለበትም። ዩኒቨርሲቲው በወረርሽኙ ተዘግቷል። በየክረምቱ ለሁለት ወር የምትጠፋው ፀሐይም ኅዳር ላይ እንደሄደች ገና አልተመለሰችም፤ እኩለ ቀን እንኳ በሰሜን ኖርዌይዋ ትሮምሶ ሰማይ ላይ ያለው ሰማያዊ ጭጋግ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ብርሃን ውስጥ መንቃትና ማንቀላፋት ድንበራቸው ይጠፋል። ላፕቶፗን ሆዷ ላይ አድርጋ ስለ ደም ሥር ስትሰማ ቆይታ ዓይኗ ክድን ይላል፤ የጓደኞቿ ድምፅ ግን ሕልሟ ውስጥ ድረስ ገብቶ ማስረዳቱን ይቀጥላል። ስትነቃ የቱን በትምህርት፣ የቱን በሕልም እንደሰማችው መለየት ያቅታታል። ደግነቱ ሁለቱም ያው ስለ ልብ ነበር።

የጥናት ቡድናቸው አራት ነው። ሆኮን አለ፣ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ። ቪልደ አለች፣ መጽሐፉን ከነሥዕሉ የሸመደደች። ዮሩን አለች። አራተኛው ኤይሊቭ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ከስሙ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ከባሕር ማዶ ካለች ደሴት፣ ከእናቱ ቤት ነው የሚገባው፤ ካሜራውን አንድ ቀን ከፍቶ አያውቅም። ማይኩንም የሚከፍተው በስንት ልመና ነው። በከፈተ ቁጥር ደግሞ ከእሱ ድምፅ ቀድሞ ሌላ ነገር ይሰማል፤ ደጃቸው ላይ የቆመው የባንዲራ መስቀያ፣ ገመዱ በነፋስ እየተወዛወዘ ብረቱን ሲመታው፣ ቃ… ቃ… ቃ።

«ኤይሊቭ፣ በሕይወት አለህ ወይስ እንቅበርህ?» ይለዋል ሆኮን በየጊዜው።

«አንተ እያለህ ማን በሰላም ይሞታል» ይመልሳል ጥቁሩ ሳጥን፤ ማይኩም ይዘጋል።

ሐሙስ ሐሙስ «ስውር ልብ» የሚሉት ጨዋታ ነበራቸው። በቀጥታ መስመር ላይ ልብ ማዳመጥ አይቻልም፤ የስብሰባው ፕሮግራም የሰው ንግግር ያልሆነውን ሁሉ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያጠፋዋል፣ ልብ ደግሞ ለእሱ ጫጫታ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳቸው በፖስታ የደረሳቸውን የሐኪም ማዳመጫ ደረት ላይ ደቅነው በስልካቸው ይቀዳሉ። የራስም ይሁን የአያት፣ ስም ሳይጻፍበት የጋራ ማኅደራቸው ውስጥ ይገባል። ከዚያ መገመት ነው። ግምቱ ሳያልቅ «የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። አንዳንዴ ተንኮለኛው ከዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ስብስብ የታመመ ልብ ሰርቆ ይሸጉጣል። ሆኮንማ አንድ ጊዜ የውሻውን ልብ አስገብቶ ቪልደን ሲያስጨንቃት ዋለ፤ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ያ ሐሙስ ፀሐይ የምትመለስበት ቀን ነበር። ሁሉም መርመላታ የተሞላውን የፀሐይ ቀን ዳቦ ይዞ ቀርቧል። ሦስቱ ልቦች ዱብ-ታ፣ ዱብ-ታ እያሉ እንደ ደህና ሰው አለፉ። አራተኛው ተከፈተ። ዱብ ካለ በኋላ፣ ታ ከማለቱ በፊት፣ መሃል ላይ ሻካራ ድምፅ አለ፣ ሻ… እያለ ከፍ ብሎ ዝቅ የሚል። ትልቅ ዕቃ በጠባብ በር ሲጎተት እንደሚሰማው ነው።

«ውይ! ውይ ሲያምር!» አለ ሆኮን፣ ከንፈሩ ስኳር በስኳር ሆኖ።

«ዝም በልና ልስማበት!» አለች ቪልደ።

«ይሄን ለፈተና ቢያመጡልኝ እኮ መምህሩን ግንባሩን ነው የምስመው!»

«የልብ ጡንቻው ወፍሯል» አለች ቪልደ፣ ዓይኗን ጨፍና። «የደሙን መውጫ አጥብቦታል። በዘር የሚመጣው ነው። ወጣቱን ሩጫ ላይ፣ ዳገት ላይ ድንገት የሚጥለው።»

ዮሩንም ወደኋላ አላለችም። «ሰውየው ቁጢጥ ሲል ድምፁ ይቀንሳል፣ ብድግ ሲል ይብሳል» ብላ ጨመረችበት፣ ዳቦዋን እያላመጠች።

ሆኮን አጨበጨበ። ቪልደ አጨበጨበች። ዮሩንም አጨበጨበች። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ እነዚህ ሦስት የነገ ሐኪሞች ጣታቸውን እየላሱ ነበር።

«በሉ፣ የማን ነው?» ሲባል ሦስቱም የየራሳቸውን ተናገሩ። የቀረው ኤይሊቭ ነው። «ከስብስቡ የወሰድኩት ነው። ጎበዞች ናችሁ» ብሎ ጻፈ። ቆየት ብሎ ማይኩን ከፈተ። ቃ… ቃ… «ልሄድ ነው። የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዬን አድርጌ ተራራው ላይ ወጥቼ ፀሐይዋን ላያት። ቤታችን ድረስ እስክትወርድ ገና ቀናት አሏት።»

«ሰላም በልልን!» ጮኸ ሆኮን። «የት ከርመሽ ነው በላት፣ ሥራ ፈት!»

ስብሰባው ተዘጋ። ዮሩን ብርድ ልብሷ ውስጥ ገባችና ያንን አራተኛ ልብ በጆሮ ማዳመጫ ደግማ ከፈተችው። ለፈተና ይጠቅመኛል ብላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ድምፁ አባብሎ ያዛት። ዱብ፣ ሻ… ታ። ዱብ፣ ሻ… ታ። ዓይኗ ተከደነ። ባሕር ሥር ያለ ቤት ውስጥ ነበረች፤ መስኮቱ ሁሉ ሰማያዊ ነው። አንድ ሰው ጀልባ በበሩ ሊያስገባ ይጎትታል፣ በሩ ይጠበዋል፣ እንደገና ይጎትታል። ዮሩን ልታግዘው ትፈልጋለች፣ እጇ ግን አይታዘዛትም። ከውጭ ደግሞ ሌላ ሰው ያንኳኳል። ቃ… ቃ… «ይግቡ» አለች በሕልሟ። የገባ የለም። ቃ… ቃ…

ዓይኗ ተከፈተ። ልቡ ጆሮዋ ውስጥ መምታቱን አላቆመም። ከልቡ ኋላ፣ በጣም ርቆ፣ ቃ… ቃ…

የስብስቡ ልቦች የተቀዱት ድምፅ በማይገባበት ክፍል ነው። እዚያ ነፋስ የለም። የባንዲራ ገመድም የለም።

ደወለች። አላነሳም። ደግማ ደወለች።

«ምነው ዮሩን? ጫማዬን እያሰርኩ ነው።»

«የማን ልብ ነው?»

«ከስብስቡ ነው አልኩ እኮ።»

«ሞኝህን ፈልግ! ስብስቡ ውስጥ የእናንተ ቤት ባንዲራ ምን ይሠራል?»

ገመዱ ብቻ ይመታል።

«የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ማዳመጫው በፖስታ የመጣ ዕለት ነው የሰማሁት። ጆሮዬ ነው አልኩ፣ ስልኩ ነው አልኩ። ስም ከሌለበት ከእናንተ አንዳችሁ ‹ይሄማ ጤነኛ ነው› ትላላችሁ ብዬ ነበር። አንድ ሰው እንዲል ብቻ ነበር የፈለግኩት። እናንተ ግን አጨበጨባችሁ።»

ዮሩን ፊቷ እሳት ሆነ። ያንን ጭብጨባ ከአየር ላይ ለቅማ ብትመልሰው ምን ነበረበት!

«አባቴ እዚያው ተራራ ላይ ነው የቀረው» ብሎ ቀጠለ። «በፀሐይ ቀን። ልጅ ነበርኩ። ብርድ ነው ተባለ፤ እናቴም አስከሬኑ እንዲመረመር አልፈቀደችም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እወጣለሁ፤ እሱ ሳያያት የቀረችውን ፀሐይ እኔ አይለታለሁ። አምናም ወጥቼ በሰላም ነው የተመለስኩት። ዛሬ ምን እሆናለሁ?»

«በናትህ ኤይሊቭ፣ አንድ ነገር ብቻ። ቁጢጥ ብለህ ቅዳው። ከዚያ ብድግ ብለህ ቅዳው። ላክልኝና ሂድ ካልኩህ ትሄዳለህ።»

«ሂድ ካላልሽኝስ?»

ቆይቶ ሁለቱ ድምፆች መጡ። ዮሩን ፈራች፤ በሕይወቷ እንዲህ መሳሳትን ተመኝታ አታውቅም። የመጀመሪያውን ከፈተችው። ሻ የሚለው ድምፅ ርቋል፣ ከግድግዳ ማዶ ያለ ይመስላል። ሁለተኛውን ከፈተችው። ልክ አፏ ዳቦ ሞልቶ እንደተናገረችው፣ ጆሮዋን ሞላው።

የበሽታውን ስም ታውቀዋለች፤ ምልክቱን፣ መድኃኒቱን፣ ደረት ውስጥ የሚቀበረውን መሣሪያ ሁሉ ታውቀዋለች። ለጓደኛ እንዴት እንደሚነገር ግን በየትኛውም ሐሙስ አልተማሩም።

«ኤይሊቭ።»

«እየሰማሁሽ ነው።»

«ደህና አይደለም። አትውጣ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ሐኪም በማሽን ይየው፤ ተሳስታለች ካለህ እስኪበቃህ ስደበኝ። ዛሬ ግን ዳገት የለም።»

«ፀሐይዋስ?» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ካሜራህን ክፈትና ወደ ተራራው አዙረው። አብረን እናያታለን።»

ሆኮንንና ቪልደን ጠርታ ነገሩን በሁለት ቃል ነገረቻቸው። ጥቁሩ ሳጥን ተከፈተ። ቀይ ጸጉር፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ያለቀሰ ዓይን። ሁሉም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩት እንግዳ አዩት።

«ኤይሊቭ… እኔ እኮ…» አለ ሆኮን። «አፌን ቁርጥ ያድርገው።»

«ተወው። ሰላምታህን ራስህ ታደርስላታለህ» አለው ኤይሊቭ። ከዚያ ወደ ኋላው ዞሮ ተጣራ። «እማዬ!»

እናቱ ከጓዳ መጣች፤ አጭር፣ ሹራብ የለበሰች ሴት ናት። ስኪው ግድግዳ ላይ እንደተደገፈ አየች። «ምነው? አልሄድክም?»

«አልሄድም። ልቤን ሐኪም ሊያየው ይገባል እማዬ። የአባዬ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም።»

ሴትየዋ ስልኩን አንስታ የተረኛውን ሐኪም ቤት ቁጥር በቃሏ መታች። የሕክምናው ጀልባ እንደሚመጣ፣ እስከዚያ ልጁ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ ነገሯት። ወንበር ስባ አስቀመጠችው።

ያን ጊዜ ካሜራው መስኮቱን ያሳይ ነበር። ከታች ሁሉም ሰማያዊ ነው፤ ባሕሩ፣ በረዶው፣ የጎረቤት ጣሪያ። የተራራው ጫፍ ብቻ መጀመሪያ ሮዝ፣ ከዚያ ወርቅ ሆነ። የአራቱም ማይክ ክፍት ነበር። ዮሩን እንባዋን ሳትጠርግ አየችው፤ ሕልም እንዳይሆን ብላ ብርድ ልብሷን ጨበጥ አደረገች።

እናቱ ወደ መስኮቱ ተጠግታ መዳፏን ግንባሯ ላይ አደረገች። በየዓመቱ በዚህ ቀን ልጇን ፍለጋ እንዲሁ እንደምትቆም ከአቋቋሟ ያስታውቃል። ያንን የበራ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር፣ ድንጋይ በድንጋይ ፈለገችው።

«ማንም የለም» አለች። «ተመስገን፣ ማንም የለበትም።» ከዚያም የልጇን ጫማ ልትፈታለት ጎንበስ አለች።